ያልተጻፉት አምስት ቁጥሮች

ባለፈው ጥቅምት ሃያ ሁለት ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ አምስት የሐሰት ቁጥሮች በእኔ ስም ወደ ውጭ አገር ተላኩ። የላካቸው ያስተማርኩት ሰው ነው። ሰነዱ አሥራ ሁለት ምልክቶችን ይዟል። ሰባቱ እውነተኛ ናቸው። አምስቱ ግን በተሰጣቸው ትርጉም በማንም እጅ፣ በምንም ዕቃ ላይ ተጽፈው አያውቁም። በሰነዱ አናት ላይ ያለው ስም የእኔ ብቻ ነው። በእኛ ሙያ አብዛኛው ሰው አቤት የሚለው ስሙ ተፍቆበት ነው፤ እኔ አቤት የምለው ስላልተፋቀልኝ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። የሐዋርያት ሥራን ያነበበ ሰው በበዓለ ኀምሳ ዕለት በኢየሩሳሌም ከተሰበሰቡት መካከል የጳርቴ ሰዎች እንደነበሩ ያስታውሳል። ከዚያ አልፎ ስለ እነርሱ የሚጠይቅ ብዙ ሰው አላጋጠመኝም። ጳርቴዎች ከኢራን ሕዝቦች አንዱ ነበሩ፤ ጽሕፈታቸው ከሞተ ከሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። በድንጋይ ላይ የቀረጹት ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ ቦታውን ካገኘ ቆይቷል። እኔ ዕድሜዬን የሰጠሁት ለሌላው ነው፤ የወይን ጠጅ የሚያስገቡ ሰዎች የጋኑን ብዛት በሸክላ ገል ላይ በቀለም ለሚጫጭሩበት ፈጣን የእጅ ጽሕፈት። ይህ እጅ የቁጥር ምልክቶቹን ከድንጋዩ ለየት አድርጎ ይጽፋል። ሰባት ናቸው፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አሥር፣ ሃያ፣ መቶ። አምስት የለውም። አምስት ማለት ሲፈልግ አራትና አንድ ይጽፋል፤ ዘጠኝ ማለት ሲፈልግ ሁለት ጊዜ አራት ብሎ አንድ ይጨምራል፤ ከቀኝ ወደ ግራ። የጎደለው ነገር የለም። የሚቆጥሩት ሰዎች ቆጥረው ጨርሰዋል፤ ወይኑም ተጠጥቷል።

በስልክና በኮምፒውተር የምንጽፈው እያንዳንዱ ፊደል ከሥሩ መለያ ቁጥር አለው። «ሀ» አለው፤ አራት ነጥብ አለው፤ የግእዙም ፩ አለው። ይህን መለያ የሚሰጥ፣ የዓለምን ጽሕፈት የሚመዘግብ አካል አለ። ሕጉ ጥብቅ ነው። አንድ ምልክት አንድ ጊዜ ቦታ ከተሰጠው አይነሳም፣ አይዛወርም፤ ስሙ ተሳስቶ ቢመዘገብ እንኳ ከነስሕተቱ ይኖራል። ዛሬ የተጻፈው ከብዙ ዘመን በኋላም እንዲነበብ የተደረገ ነው፤ ሕጉን እደግፈዋለሁ። ስለዚህ አምስቱ የሌሉ ቁጥሮች ከተመዘገቡ ለዘለዓለም ይኖራሉ፤ ከእኔም በኋላ፣ ከዚህ ጽሑፍም በኋላ። ይህን እጅ የሚያነቡ ሰዎች በዓለም ላይ ጥቂት ናቸው፤ ለቁጥሮቹ ብቻ ይህን ያህል ዓመት የሰጠ ከእኔ ሌላ አላውቅም። የምናገረው ለመመካት አይደለም፤ የሚያስፈራኝ ይኸው ነው። ገምጋሚዎቹ ሲጠራጠሩ የሚያምኑት የእኔን ፊርማ ነው።

በውጭ አገር ተምሬ ስመለስ የተመደብኩበት ክፍል የጥንታዊ ጽሕፈቶች ክፍል ይባላል። ከእኔ በቀር ሁሉም የግእዝ ሰዎች ናቸው፤ አዋቂዎች ናቸው፤ ይህን አልክድም። ከእነርሱ አንዱ በየመስከረሙ፣ እንደ መልካም ምኞት፣ «ዘንድሮም ከፋርሶችሽ ጋር ነሽ?» ይለኛል። ለአሥራ አንድ ዓመት ያህል ተመሳሳይ መልስ ሰጥቼዋለሁ። የምኖረው ሰበታ ነው፤ አንድ የኦሮሞ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ፣ ከኋላ ባሉ ሁለት ክፍሎች። ጠረጴዛዬ ወደ ግቢው በር ይመለከታል። ኔትወርክ የሚገኘውም ከበሩ አጠገብ ስለሆነ፣ መልእክት ሲመጣና ሲሄድ በበሩ ደረጃ ላይ ቆሜ ነው።

ሰባቱ ቁጥሮች እንዲመዘገቡ በክፍሉ በኩል የማቀርበው የማመልከቻ ሰነድ ያለ ፎንት፣ ያለ ኮምፒውተር የፊደል ቅርጽ፣ አይሆንም፤ ምልክቶቹ ጥርት ብለው ተስለው መቅረብ አለባቸው። ሥዕሉን የሰጠሁት ቡራዩ ለሚኖሩ አንድ ሰው ነው። ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው ያደጉ ቁም ጸሐፊ ናቸው፤ ዛሬ የሠርግ ካርድና የሱቅ ማስታወቂያ በኮምፒውተር ይሠራሉ። ከእርሳቸው የተሻለ እጅ አላየሁም። ከገሎቹ ፎቶግራፍ አጉልቼ ያተምኳቸውን አሥራ ሁለት ወረቀቶች በፖስታ አድርጌ ሰጠኋቸው። ሰባቱ ወረቀቶች ሰባቱን ምልክቶች ይዘዋል። አምስቱ ምልክት አልነበሩም፤ ቀለማቸው የለቀቀ፣ ግማሻቸው የተሸረፈ ጭረቶች ነበሩ፤ «እነዚህን አይተን አልተቀበልናቸውም» ለማለት በአባሪ የሚገቡ። ይህን በቃል ነግሬያቸዋለሁ ብዬ አምን ነበር።

ነሐሴ ላይ የሰንጠረዡ ረቂቅ ከክፍሉ ደረሰኝ። አሥራ ሁለት ረድፍ ነበረው። ከአራት ቀጥሎ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ ተደርድረው ወደ አሥር ይደርሳሉ፤ በሚያምር እጅ፣ እኩል ውፍረት ተሰጥቷቸው። የተሸረፉት አምስት ጭረቶች ቁጥር ሆነው ተነሥተዋል። በዚያው ዕለት ለክፍሉ ኃላፊ ደብዳቤ ጻፍኩ፦ አምስቱ ይውጡ፤ ካልወጡ ሰነዱ አይላክ። በስልክ መለሰልኝ፤ «ይታረማል» አለ። ይህ ሰው ተማሪዬ ነበር። የምረቃ ጽሑፉን ሦስት ጊዜ መልሼበታለሁ፤ ሦስት ጊዜም አርሞ አምጥቷል። «ይታረማል» ሲለኝ ያመንኩት ስለዚህ ነው።

ኅዳር ሦስት ቀን ጠዋት፣ በሩ አጠገብ ቆሜ፣ የመዝጋቢውን አካል ገጽ ስከፍት የገቡ ሰነዶች ዝርዝር ውስጥ ስሜን አየሁ። ከፈትኩት። አሥራ ሁለት ረድፍ።

በዚያ ቀን ምን እንዳደረግሁ በትክክል አስታውሳለሁ፤ ምክንያቱም ምንም አላደረግሁም። ላፕቶፑን ዘጋሁት፤ ልብስ አጠብኩ፤ ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ቀን ነበር። ከሰዓት በኋላ ለመዝጋቢው አካል በቀጥታ ጻፍኩ። ከሳምንት በኋላ በትሕትና መለሱልኝ፦ ደብዳቤዬ ደርሷቸዋል፤ ከሰነዱ ጋር ይያያዛል፤ ሰነድ መሳብ ወይም መተካት የሚችለው ግን የላከው ተቋም ብቻ ነው፤ በሰነዱ ላይ የሚወስነው ጉባኤ ጥር አሥራ ሁለት ይቀመጣል። ለክፍሉ ኃላፊ ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ሁለቱን በኢሜይል፣ አንዱን በመዝገብ ቤት በኩል ማኅተም አስደርጌ። መልስ የለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ቅርጽ የለውም። በየማለዳው ገጹን እከፍታለሁ፤ አልተለወጠም። መብራት ሲጠፋ የስልኬን ባትሪ እቆጥባለሁ፤ መልእክት በዚያች ሰዓት ቢመጣስ? ምድጃውን ማጥፋቴን ለማረጋገጥ ዓለም ገና ከተማ ከደረስኩ በኋላ የተመለስኩበት ቀን አለ። አንድ ጠዋት ከግቢው ፊት ለፊት ካለው ሱቅ እንቁላል ልገዛ ሄጄ አራት ጠየቅሁ፤ ከፈልኩ፤ ከበሩ ተመልሼ አንድ ጨመርኩ። ባለሱቋ፣ ሻሿን በጥንቃቄ የምታስር ሥርዓተኛ ሴት፣ «ምነው ዶክተር፣ መጀመሪያውኑ አምስት አትዪም?» አለችኝ። ሳቀች። እኔ መሳቅ እንዳለብኝ የገባኝ መንገዱን ከተሻገርኩ በኋላ ነው።

ታኅሣሥ ሲገባ ቡራዩ ሄድኩ። ሰበታና ቡራዩ በካርታ ላይ ጎረቤታሞች ናቸው፤ በታክሲ ግን አዲስ አበባ ገብቶ መውጣት ነው። አየር ጤና ድረስ አንድ፣ ከዚያ ሁለት፣ አስኮ ደርሶ ሌላ። በመንገዱ ሁሉ የምናገረውን ሳዘጋጅ ነበር። ቁም ጸሐፊውን ላለማዋረድ ወስኛለሁ፤ ግን በራሳቸው ፈቃድ ቁጥር እንደፈጠሩ እንዲያምኑልኝ እፈልጋለሁ። ጽሑፍ ላይ አስፈርማቸዋለሁ። ከዚያ ያንን ይዤ ወደ ኃላፊው እሄዳለሁ። ዕቅዱ ንጹሕ ነበር።

ሱቃቸው ከአስፋልቱ ዳር ናት፤ በሩ ላይ ያስቀመጧቸው የማስታወቂያ ሰሌዳዎች ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በኦሮምኛ ነው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠዋል። ተሳለምን። ወንበር ሰጡኝ። አልተቀመጥኩም።

«የኔታ፣ አምስትን ከየት አመጡት?»

አልደነገጡም። ከመደርደሪያው ሥር የእኔን ፖስታ አወጡ፤ ወረቀቶቹን እንደ ሰጠኋቸው በቅደም ተከተል ጠብቀዋቸዋል። አምስተኛውን ከፊቴ አኖሩት።

«አንቺው ነሽ የጻፍሽው፣ ልጄ።»

በወረቀቱ ላይ፣ ከተሸረፈው ጭረት ጎን፣ በቀይ ቀለም፣ በእኔ እጅ፣ ፭ ተብሎ ተጽፏል።

አሁን በትክክል መጻፍ ያለብኝ ነገር ይህ ነው። ወረቀቶቹን ሳዘጋጅ በየጎናቸው በግእዝ አኀዝ ምልክት አደረግሁ። የአንድ ምልክት ባለበት ወረቀት ላይ ፩፣ በሁለት ላይ ፪፣ እንዲህ እያልኩ እስከ ፬፤ በአሥር ላይ ፲፣ በሃያ ላይ ፳፣ በመቶ ላይ ፻። አምስቱን የማይረቡ ጭረቶች የት ላድርጋቸው ስል ከ፬ እስከ ፲ ያለው ቦታ ክፍት ሆኖ ታየኝ። እዚያ አስገባኋቸው፤ ከ፭ እስከ ፱ ብዬ ቁጥር ሰጠኋቸው፤ ለማስቀመጫ ብቻ፣ እንዳይጠፉብኝ። በልጅነቴ ከግድግዳ ላይ አይቼ የሸመደድኩት የግእዝ አኀዝ ሰንጠረዥ ለአምስትም፣ ለስድስትም፣ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቤት አለው። ያ ሰንጠረዥ በጭንቅላቴ ውስጥ ባዶ ቤት መታገሥ አልቻለም። ጳርቴዎች የተዉትን ቦታ እኔ፣ ስለ ተዉት ቦታ የምጽፈው ሰው፣ ሞላሁት።

ቁም ጸሐፊው መነጽራቸውን አወረዱ።

«የጥራዝ ቁጥር ቢሆን ከራስጌ፣ መሀል ላይ፣ ሐረግ ተደርጎለት ነበር የሚቀመጥ። ባወቅሁት ነበር። አንቺ ያኖርሽው ከምልክቱ ጎን ነው፤ አንድን ከአንድ ጎን፣ ሁለትን ከሁለት ጎን። አምስት ላይ ስደርስ ሐሳብሽን እንደ ለወጥሽ በምን ልወቅ?»

በቃል ነግሬያቸው እንደነበር አነሣሁ። ነግሬያቸዋለሁ፤ ግን «አንዳንዶቹ ለአባሪ ናቸው» ብዬ ብቻ፤ የትኞቹ እንደሆኑ አልተናገርኩም። እርሳቸው ቃሌን ቃል በቃል ያስታውሱታል። ገልባጭ ሲሆኑ የተማሩት ይህንን ነው፤ ያዩትን መጻፍ፣ የጎደለውን ከራስ አለመሙላት። በጉዳዩ ውስጥ ይህን ሥርዓት የጠበቁት እርሳቸው ብቻ ናቸው።

ከተቀመጥኩ በኋላ ቀለል ሊያደርጉልኝ ፈለጉ። አንድ ነገር ብቻ እንደ ከበዳቸው ነገሩኝ፤ ከላይ ክዳን ከታች መቀመጫ የሌለው ቁጥር። የእኛ አኀዝ ሁሉ ሁለት ሰረዝ አለው፤ እነዚህ ግን ባዶአቸውን ናቸው። «ላለብሳቸው አስቤ ነበር» አሉኝ፤ «ኋላ፣ የሰው አገር ነው፣ ዕርቃኑን ቢሄድም ባህሉ ይሆናል ብዬ ተውኩት።» በመጨረሻ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ይህ ነገር ከእግዚአብሔርም ከሰውም ያጣላኛል?» አያጣላዎትም አልኳቸው። ወረቀቶቹን ይዤ ወጣሁ። የማስፈርማቸው ጽሑፍ በቦርሳዬ ውስጥ እንደ ታጠፈ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍርሃቴ ሁለት ሆነ። የመጀመሪያው ሐሰቱ እንዳይጸና ነው። ሁለተኛው እውነቱ እንዳይታወቅ ነው። ሁለቱ እርስ በርሳቸው እንደሚጣሉ ለማወቅ የብዙ ዓመት ትምህርት አያስፈልግም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ሱሉልታ ሄድኩ። ኃላፊው እዚያ ቤት ሠርቷል። ከአዲሱ ገበያ ተነሥቶ ተራራውን የሚያልፈው ታክሲ ወደ ሜዳው ሲወርድ ጉሙ ገና ከሣሩ ላይ አልተነሣም ነበር። በሩን ራሱ ከፈተልኝ። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። «እትዬ ዶክተር፣ ስልክ ቢደውሉ እኮ እኔ ራሴ እመጣ ነበር» አለ። አራት ጊዜ ደውዬለት እንደነበር አልነገርኩትም፤ ያውቀዋል።

የነሐሴው ደብዳቤ ደርሶት እንደሆነ ጠየቅሁት። ደርሶታል፤ አንብቦታል። ለምን ላከው? ረጅም መልስ ሰጠኝ፤ በአጭሩ ይህ ነው። ሰነዱ ከመላኩ በፊት የክፍሉ ኮሚቴ አይቶት ነበር። ኃላፊው በመጀመሪያ እኔ እንዳልኩት ባለ ሰባቱን አቀረበ። ከአባላቱ አንዱ ቀና ብሎ፣ «ከአራት ተነሥቶ አሥር ይዘላል? ሕዝቡ አምስት ጣት የለውም እንዴ?» አለ። ተሳቀ። ሌላው ጨመረ፣ «ዶክተራችን የጎደለ ቁጥር ይዛ መጣች።» እንደገና ተሳቀ። ኃላፊው በዚያን ጊዜ ባለ አሥራ ሁለቱን አወጣ። አንዱ «አሁን ቁጥር መሰለ» አለ። ቃለ ጉባኤው ላይ ጸደቀ ተብሎ ተጻፈ።

«በእርስዎ ላይ ነበር የሚስቁት» አለኝ። «እኔ ላድንዎት ነው የሞከርኩት።»

ያመነበት ይመስለኛል። ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራ ነገር አላውቅም። ትክክለኛው ሰነድ ስላሳቀ ተጣለ፤ ሐሰተኛው የሚያውቁትን ስለመሰለ ጸደቀ። የኮሚቴው አባላት ክፉ ሰዎች አይደሉም። እያንዳንዳቸው ቁጥር ምን መምሰል እንዳለበት የተማሩት እኔ ከተማርኩበት ግድግዳ ላይ ነው።

እንዲስበው ጠየቅሁት። አንድ መስመር ይበቃል አልኩት። ያን ጊዜ ተነሥቶ ገባ፤ ቀይ ክላሰር ይዞ ተመለሰ። የአሥራ ሁለቱ ወረቀቶች ግልባጭ ውስጡ ነበር፤ ቁም ጸሐፊው ሥራቸውን ሲያስረክቡ አያይዘውለት ኖሯል። አምስተኛውን ገልጦ ወደ እኔ አዞረው።

«ይህ የማን እጅ ጽሑፍ ነው፣ ዶክተር?»

ክላሰሩን ወደ እርሱ መልሼ አዞርኩት።

«መሳብ እችላለሁ። ግን መሸኛ ደብዳቤው ላይ ምክንያት መጻፍ አለብኝ። ምክንያቱ ይህ ነው። ያኔ በጥቅምቱ ስሕተት የሚጠየቅ የለም፤ የሚነበበው የእርስዎ ስሕተት ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ እነሱ ባለሙያ አላቸው። ቢያገኙት ያገኙታል፤ ካላገኙትም ማን ይጎዳል? አምስት ብሎ የሚጽፍ ጳርቴ ከየት ይመጣል?»

ይህን ዓረፍተ ነገር ያስተማርኩት ሰው ተናገረው። ላቀረበልኝ ሻይ አመስግኜ ወጣሁ። ሻዩን አልጠጣሁትም።

ስመለስ በታክሲው ውስጥ ዝም ለማለት አሰብኩ፤ ይህንንም እጽፈዋለሁ። ሐሳቡ ከሱሉልታ እስከ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያም እስከ ሰበታ አልለቀቀኝም። ሥራዬ ሁሉ፣ በየጽሑፉ ላይ ሌሎችን ያረምኩባቸው ቃላት ሁሉ፣ በአንድ ቀይ ፭ ይፈርሳሉ። በሌላ በኩል ዝም ብል ማንም አያውቅም። እርግጥ ነው፣ አንድ ወጣት ተመራማሪ በሩቅ ጊዜ ሰንጠረዡን ከፍቶ አምስትን ያገኛል፤ በገሎቹ ላይ ይፈልገዋል፤ ያጣዋል፤ ከራሱ ዓይን ይልቅ የእኔን ስም ያምናል፤ አንድ የተሸረፈ አራትን አምስት ብሎ ያነብባል። አንዴ ከተነበበ ደግሞ ማስረጃ ይሆናል።

ግቢው በር ላይ የቤቱ ባለቤት ተቀምጠው ነበር። ኦቦ ነው የምላቸው፤ እርሳቸው ደግሞ ሲደሰቱ ልጄ፣ ሲቀልዱ ዶክተር ይሉኛል። «አካም ኦልቴ?» አሉኝ፤ እንዴት ዋልሽ ማለታቸው ነው። «ነጋ»፣ ሰላም ነው፣ ብዬ ማለፍ ነበረብኝ። አላለፍኩም። ከአጠገባቸው ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩና ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳቸው። ስለ ጳርቴ አልነገርኳቸውም፤ ስለ ቦታ ነው የነገርኳቸው። የማይነሣ ቦታ የሚሰጥ ቢሮ አለ፤ በሌለ ነገር ላይ በስሜ ቦታ ሊወጣ ነው፤ መነሻው እኔ ለማስቀመጫ ብዬ ያደረግሁት ምልክት ነው።

«ካርታ ሊወጣብሽ ነዋ» አሉ። «በሌለ መሬት ላይ።»

አዎ አልኳቸው።

«ካርታ ከወጣ በኋላስ ክርክር አይሰሙም?»

አይሰሙም።

በዚህ አካባቢ መሬት ቀልድ አይደለም፤ ቀልድ ይወዳሉ፣ በዚህ ግን አልቀለዱም። እርሳቸው ራሳቸው ከጎረቤታቸው ጋር በድንበር ብዙ ዘመን ተሟግተዋል። ለጥጃ ማሰሪያ ብሎ ያቆመውን ችካል ጎረቤትየው ረስቶት፣ ልጆቹ ድንበር ነው ብለው እንደያዙት ነገሩኝ። ሦስት ሽማግሌ ተቀምጦ መፍትሔ አጣ። በመጨረሻ ሰውየው አርጅቶ፣ በምርኩዝ መጥቶ፣ ሕዝብ ባለበት፣ «የጥጃዬ ነበር» ብሎ ነቀለው።

«ሌላ ሰው ቢነቅለው ጠብ ነው» አሉኝ። «ያቆመው ሲነቅለው ግን እንጨት ነው።»

በማግስቱ ለመዝጋቢው አካል ጻፍኩ። ሦስት አንቀጽ ነው። በመጀመሪያው፣ ከ፭ እስከ ፱ ያሉትን ቁጥሮች በወረቀቶቹ ላይ ያደረግሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ለማስቀመጫ እንጂ ለትርጉም እንዳልነበረ፣ ይህም ለባለሙያ የማይገባ ቸልተኝነት መሆኑን። በሁለተኛው፣ የሳሉት ሰው ያዩትን በታማኝነት እንደሳሉና ምንም ጥፋት እንደሌለባቸው። በሦስተኛው፣ አምስቱ ጭረቶች የትኞቹ ገሎች ላይ እንዳሉና እያንዳንዳቸው ለምን ቁጥር እንዳልሆኑ። የወረቀቶቹን ፎቶ አያያዝኩ። በሩ አጠገብ ቆሜ ላክሁት፤ ግልባጩን ለመዝገብ ቤት፣ ለኮሚቴው አባላትና ለአንተ፣ ለክፍሉ ኃላፊ።

ስለዚህ በቀይ ክላሰርህ ውስጥ የቀረ ነገር የለም። ልትጽፈው የነበረውን ምክንያት ጽፌልሃለሁ፤ አንተ ከምትጽፈው በላይ አክርሬ። መዝጋቢው አካል ትናንት መልሶልኛል፦ ማብራሪያዬ ከሰነዱ ጋር ይነበባል፤ ሰነዱን ለመሳብ ግን አሁንም የተቋሙ ደብዳቤ ያስፈልጋል። የእኔን ችካል ነቅያለሁ። የቀረው የአንተ ነው፤ ደብዳቤዬን አንብበህ፣ ጥቅምት ሃያ ሁለት ቀን ረፋድ ላይ ያቆምከው።

ዛሬ ታኅሣሥ ሃያ አራት ነው። በዓሉ ይመጣል፤ ቢሮ ይዘጋል፤ ቀኖቹ ስንት እንደሚቀሩ አንተም መቁጠር ትችላለህ። ይቅርታ አልጠየቅሁህም፤ አያስፈልገኝም። ኮሚቴው የሳቀውንም መልሶ እንዲውጠው አልጠየቅሁም። ተማሪዬ ሳለህ በየኅዳጉ እጽፍልህ የነበረውን ጥያቄ ነው የምጠይቅህ፤ ያኔ ሦስት ጊዜም ቢሆን መልስ ይዘህ ትመጣ ነበር። አምስት የሚለው ምልክት የተጻፈበት ገል የትኛው ነው? የገሉን ቁጥርና የመስመሩን ቁጥር ጻፍልኝ። ከሌለ «የለም» ብለህ ጻፍና በተቋሙ ማኅተም እስከ ጥር አራት ቀን ቀትር ድረስ ለመዝጋቢው አካል ላከው። አለ ወይስ የለም?